መሪውን የያዘው ማን ነበር

ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ አንድ ሰው ገጭቶ የማያውቅ ሾፌር፣ በገዛ ግቢው ውስጥ በገዛ መኪናው ተገጭቶ ሞተ። ገና ጎህ ሲቀድ ነበር። የቤቱ አሮጌ አውቶሞቢል ከላይ ከደጃፉ ተነስታ ቁልቁል ወረደችና ከብረት በሩ ጋር አጣበቀችው። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ።

ከቀብሩ በኋላ የቀረው ጥያቄ ማን ይነዳ ነበር የሚለው ብቻ ነበር። እሱም መልስ ነበረው። ሚስቱ «እኔ ነኝ» ብላለች። ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ትፈርማለች፤ ከፈረመች መታሰሯ አይቀርም። ይህን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፣ ማንም ግን አያወራውም።

የመድን ድርጅቱ መርማሪዋን የላከው ዓርብ ዕለት ነው። መርማሪዋ ጠና ያለች ሴት ናት። መሥሪያ ቤት ውስጥ በሌለችበት «ደረቋ» ይሏታል፤ ስታዝንም ስትደሰትም ፊቷ ያው ስለሆነ። እሷም ታውቃለች፣ ጉዳዬም አላለችው። እዚህ ቤት ስትገባ ግን የሷ ድርቀት የሚታይ አልሆነም፤ የቤቱ ሰዎች ሁሉ ከሷ ብሰው ነበር። የሚያለቅስ የለም፣ የሚቆጣ የለም። አንዱ ብርጭቆ ያነሳል፣ ሌላው መልሶ ያስቀምጠዋል።

በግቢው የሚኖሩት አራት ናቸው። እናትየው፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ትልቋ ልጅ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ዓመት ያልሞላው ትንሹ ወንድሟ፣ እና ከጓሮ ሰርቪስ ቤት የሚኖረው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ባለታክሲው።

እናትየው ሳሎን ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የተናገረችው አጭር ነበር።

«ሞተሩን አሙቄ ነበር። እሱ በር ሊከፍትልኝ ከቤት ወረደ። እግሬ ከፍሬኑ አመለጠና ነዳጁን ረገጥኩት።»

«በዚያ ሰዓት ወዴት ሊሄዱ ነበር?»

«ልምምድ ነው። መንዳት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ሰሞኑን ልጄ ማለዳ ማለዳ እዚሁ ግቢ ያለማምደኝ ነበር።»

«ያን ቀን ልጅዎ የት ነበር?»

«ተኝቶ።»

መልሱ ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመጣው። መርማሪዋ እንዲህ ያለ መልስ ጠግባለች። ልጅ ይገጫል፣ ወላጅ ይናዘዛል፤ ሥራዋ ግማሹ ይኸው ነው። መኪናው የሚገዛው በአባት ስም ነው፣ ውሉ ላይ የሚሰፍረው አባትና እናት ነው፣ የሚነዳው ግን ልጅ ነው። ጀማሪ ሾፌር ካልተነገረ ውሉ አያውቀውም፤ ወላጆች ደግሞ ክፍያው ይንራል ብለው ሳይናገሩ ይቀራሉ። ነገር ሲበላሽ አንዱ ተነስቶ «እኔ ነበርኩ» ይላል።

እዚህ ቤት ግን አንድ ነገር አልገጠመላትም። ሟቹ ከወር በፊት ቢሮ መጥቶ የልጁን ስም አስገብቷል፣ የሚጨመረውንም ከፍሏል። ልጁ ቢነዳም ውሉ ያውቀዋል። እናትየው ይህን አታውቅም ማለት ነው። መርማሪዋም ለጊዜው አልነገረቻትም፤ ሰው የሚደብቀውን ሳያወጣ የሚያስፈልገውን አታቀብልም።

ከሳሎኑ ወጥታ ግቢውን ዞረችው። ከደጃፉ እስከ በሩ ያለው የሲሚንቶ መንገድ ቀጥ ያለ አይደለም፤ መሐል ላይ የውኃ ታንከሩን ዞሮ ነው የሚወርደው። ታንከሩ ላይ አቧራው እንኳ አልተነካም። መኪና ብቻዋን ተንሸራታ እንዲህ ያለ መታጠፊያ አትታጠፍም። አንድ ሰው ቁልፍ አዙሮ መሪ ይዟል።

ትልቋን ልጅ መድኃኒት ቤቱ ድረስ ሄዳ አገኘቻት። ነጭ ጋውን ለብሳ መደርደሪያ ታስተካክል ነበር። ከቀብሩ በማግሥቱ ሥራ ገብታለች፤ ቤት ብትቀመጥ ምን እንደምትሠራ ስላላወቀች መሆኑን እንደ ተራ ነገር ተናገረች።

«ያን ዕለት የሰማሽውን በተራ ንገሪኝ።»

«በሩን ሰማሁ። ብረቱ ሲጮህ። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ፣ ከዚያ እማዬ ስትጮህ ወጣሁ።»

«ሞተሩ ከበሩ በኋላ?»

«አዎ። ማርሚታዋ ተቀዶ ሰፈሩን ሁሉ ነው የምትቀሰቅሰው። አባዬ ሲያስነሳት ሁልጊዜ እነቃለሁ። ያን ቀን የቀሰቀሰኝ በሩ ነው።»

ስትወጪ ያየሽው ነገር አለ ወይ ብላ ስትጠይቃት ልጅቷ ጥቂት አሰበች። አባቷ አጠገብ የዳቦ ፌስታል ወድቆ ነበር፤ ያነሳችው እሷ ናት። ዳቦው ገና ትኩስ ነበር። ምን እንደምታደርገው ስላላወቀች ወጥ ቤት አስገብታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ይህን ከተናገረች በኋላ ለሳል መድኃኒት የመጣ ሰው ልታስተናግድ ዞረች።

መርማሪዋ ወደ ግቢው ስትመለስ ትንሹ ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። መኪናዋን ትንሽ ወደ ላይ አውጣልኝ አለችው። እምቢ ይላል ብላ ነበር፤ እሱ ግን ዝም ብሎ ተነሳ። ቀበቶውን አሰረ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ግቢው በጩኸት ተሞላ። ከዚያ ጠበቀ። ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ አድርጎ ሞከረው፣ የእጅ ፍሬኑንም የለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«አባዬ ነው ያስለመደኝ። በሱ ከባድ መኪና ሞተር ተነስቶ አየር ካልሞላ ፍሬን የለም። ይቺ አየር አትፈልግም ብዬ ብነግረው አልሰማኝም። ሞተር ሳይነሳ ጎማ እንዳይንቀሳቀስ፣ አለቀ።»

«ያን ጠዋት ከሁሉ በፊት መኪናዋ ጋ የደረስከው አንተ ነህ?»

ልጁ የእጅ ፍሬኑን መልሶ ሳበ። «እማዬ የነገረችዎትን ይጻፉ» አለ። ይህን ሲል እናቱ ወዳለችበት መስኮት አላየም።

ባለታክሲው ቢሮዋ ድረስ ላድርስዎት ብሎ ለመናት። ከቤቱ ሰው ሁሉ የሚያወራው እሱ ብቻ ነበር፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ትራፊኩ፣ ስለ ጎማ። ረጅሙ ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ማርሹን ነጻ አደረገና ሞተሩን አጠፋው። ታክሲው ያለ ድምፅ ይወርድ ጀመር።

«ነዳጅ እሳት ሆኗል» አለ። «እኛ ታክሲዎች ቁልቁለት ላይ ሞተር አናቃጥልም። እጃችን ለምዶታል።»

ታክሲው ተበላሽቶ አያውቅም ወይ ስትለው ያን ሰሞን ጋራዥ ገብቶ እንደነበር፣ ከቀብሩ በኋላ እንደወጣለት ነገራት። እንደ ቀልድ አድርጋ ወንድምዎ መኪናውን አያውስዎትም ነበር ወይ አለችው።

«ጠይቄው ነበር። የማለዳ ደንበኞች አሉኝ፣ ካልመጣሁ ሌላ ይይዛሉ። የቤት መኪና ነው፣ ሰው ጭነህ ብትጋጭ ኢንሹራንሱ አያውቀንም ብሎ ከለከለኝ። እሱ እንደዚህ ነው፣ ሕግ ከሆነ ወንድም አያውቅም።»

ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ ያዘና ሞተሩን መልሶ አስነሳ። መርማሪዋ አመስግና ወረደች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አራቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። እናትየው የተሻለ ነጠላዋን ለብሳለች፤ ለነገው ልብሷንም በትንሽ ሻንጣ አዘጋጅታ ጨርሳለች። ልጅቷ ከሥራ መጥታ ጋውኗን አላወለቀችም። ልጁ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አጎትየው በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ያዘ።

«ነገ የሚፈረመው ቃል እውነት አይደለም» አለች መርማሪዋ። «የማይሆንበትን ልንገራችሁ።»

ከዳቦው ጀመረች። ሟቹ አጠገብ ትኩስ ዳቦ ወድቆ ተገኝቷል። ስለዚህ በር ሊከፍት ከቤት የወረደ ሰው አይደለም፤ ከዳቦ ቤት እየተመለሰ የሚገባ ሰው ነው። በሩን ክፍት ሆኖ ሲያገኘው ጀርባውን ለግቢው ሰጥቶ ሊዘጋው ቆመ። እናትየው ግን ከቤት ወረደ ብላለች። አላየችውም ማለት ነው፤ መሪው ላይም አልነበረችም።

እናትየው «ተሳስቼ ይሆናል» አለች፤ መርማሪዋ ግን ሞተሩን አሙቄ ነበር ያሉትስ ብላ ቀጠለች። ትልቋ ልጅ በመጀመሪያ የሰማችው በሩን ነው፣ ሞተሩ የተነሳው ከዚያ በኋላ። ሰፈር የምትቀሰቅስ መኪና ሰው እስክትገጭ ድረስ ማንንም አልቀሰቀሰችም። ሞተሯ ጠፍቶ ነው የወረደችው። ዕድሜውን በመኪና ድምፅ ያሳለፈው ሰውዬም ያልዞረው ለዚህ ነው። ታንከሩን ዞራ መውረዷ ደግሞ መሪ የያዘ ሰው እንደነበር ይናገራል።

«በኋላ ሞተሩን ያስነሳው ማን ነው?» አለች ልጅቷ።

«ወንድምሽ። ገብቶ ወደ ኋላ ያወጣት እሱ ነው፣ አባቱን ከበሩ ሊያላቅቅ። እናትሽ ስትወጣ መሪው ላይ ያየችው ያኔ ነው።»

ልጁ ከግድግዳው ተነሳ።

መርማሪዋ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ይህ ልጅ ሞተር ሳይነሳ ጎማ አያንቀሳቅስም፣ በዓይኗ አይታዋለች። እናትየው የምትለማመደው ቁልፍ አዙሮ ሞተር ማስነሳትን ነው። ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት መልቀቅ የጀማሪ ነገር አይደለም፤ ለዓመታት ነዳጅ ሲቆጥብ የኖረ እጅ ነው የሚያደርገው። ታክሲው ጋራዥ የገባበት፣ መኪናው የተከለከለ፣ ደንበኞቹ የሚጠብቁት፣ ቤቱ ሳይነቃ መውጣት የፈለገ ሰው። ሲነዱት የቆዩት መኪና ሞተሩ ቢጠፋም ፍሬኑ ለአንድ ሁለት እርግጫ ይታዘዛል። ቆማ ያደረች አሮጌ መኪና ግን ሌላ ናት፤ ሞተሯ ካልተነሳ ፍሬኗ ይከብዳል።

«ፍሬኑ ደረቀብዎት» አለችው አጎትየውን።

እሱም አልካደም። እንደሚያወራው ሰው ሳይሆን እንደ ሌላ ሰው ተናገረ።

«እንደ ድንጋይ ሆነብኝ። በሩን ከፍቼው ነበር የተመለስኩት። ታንከሩን ስዞር አንድ ሰው ቆሟል፣ ፊቱ አይታይም። መንገደኛ መሰለኝ። ክላክስ ልነካ ብዬ እጄን መለስኩ።»

«ለምን?» አለች ልጅቷ።

«ወንድሜ ይነቃል ብዬ።»

አጎትየው ቀጠለ። ደንግጦ በጓሮ ወደ ክፍሉ እንደገባ፣ ሊወጣ ሲል የወንድሙ ሚስት «እኔ ነኝ» ስትል እንደሰማት፣ ከዚያ ዝም እንዳለ ተናገረ። ሰኞ ሳይደርስ እናገራለሁ ሲል ነበር የሰነበተው። ልጅቷ ጋውኗን አውልቃ አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

መርማሪዋ የቀራትን ነገረቻቸው። የልጁ ስም ውሉ ውስጥ ከገባ ወር አልፎታል። አባቱ ባስገባበት ዕለት የተቀበለው የቢሮ ሰው እንደሚለው፣ ለልጁ እንዳትነግሩት ብሎ ነበር፤ ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ እንዳይቀብጥ። ልጁ ቢነዳ ኖሮ እንኳ መዋሸቱ ለማንም አይጠቅምም ነበር። አሁን ድርጅቱ ይክፈል አይክፈል ገና አይታወቅም፤ እሷ የሆነውን ትጽፋለች፣ አጎትየው ደግሞ ነገ በእናትየው ፈንታ ጣቢያ ይሄዳል። ይህን ብላ ቦርሳዋን ያዘች።

እናትየው አልሰማቻትም። ልጇን እያየችው ነበር።

«መሪው ላይ አየሁህ» አለችው። «አንተ የገጨኸው መስሎኝ ነው።»

«እኔ ስደርስ መኪናዋ ውስጥ ማንም የለም። ወዲያው መጥተሽ እኔ ነኝ አልሽ። ስትለማመጂ ነው ብዬ አመንኩሽ።» ልጁ ቁጭ አለ። «ይቅር ልልሽ ስሞክር ነበር፣ እማዬ። አልቻልኩም።»

እናትየው ሻንጣዋን በእግሯ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋ አደረገችው።

«እኔም ልታሰርልህ ወሰንኩ እንጂ፣ ይቅር አላልኩህም ነበር» አለችው።