አሥራ አንድ የግራ እግር ጫማ

ጸሎቱ አልቆ በሩ ሲከፈት የልጆቹ ጫማ ጥንድ ጥንዱን እንደተደረደረ ነው። የሴቶቹ ግን ከየጥንዱ አንድ አንድ ብቻ ቀርቷል። የቀረው ሁሉ የቀኝ እግር ነው።

አሥራ አንድ ሴቶች በባዶ እግራቸው ቆመው ተያዩ። እዚህ መጠለያ ያሉት ከሚደበድብ ባል ሸሽተው የመጡ ናቸው። ዕቃ ጠፋ ማለት ሰው ገባ ማለት ነው። አንዷ ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። ሌላዋ የግቢውን በር ለማየት ሮጠች። ተቆልፏል።

ደግነቱ ፖሊስ ፍለጋ መሄድ አላስፈለገም። ሃምሳ አለቃዋ በጠዋት መጥታ ቢሮ ተቀምጣ ነበር፤ ያውም ደስ ለማይላት ጉዳይ። ከሴቶቹ አንዷ፣ የሚጢጢ እናት፣ በባሏ ላይ ያቀረበችውን ክስ ልታነሳ ነው። «ተለውጫለሁ» ብሎ ደውሎላታል። አራት ሰዓት ላይ መኪና ይልካል፤ የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ትመለሳለች። ማመልከቻው ፊርማ ብቻ ቀርቶታል።

«ፊርማው ይቆየን» አለች ሃምሳ አለቃዋ። «መጀመሪያ ሌባው ይያዝ።»

ዘበኛውን ጠራች።

«አባባ፣ ዛሬ ማን ገባ?»

«ካንቺ ሌላ ማንም አልገባም፣ ልጄ።»

«ውሻ ይሆን?»

«ውሻ ግራና ቀኝ ለይቶ ይሰርቃል እንዴ?»

ሃምሳ አለቃዋ ወደ እማማ ዞረች፤ መጠለያውን የመሠረቱትና ጸሎቱን የሚመሩት እሳቸው ናቸው።

«ጸሎቱ ስንት ደቂቃ ፈጀ?»

«ዛሬ እንኳ አጭር ነበር።»

ሴቶቹ ከኋላ ተሳሳቁ። እማማ «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ካሉ ድስት ተጥዶ ይበስላል።

«ዓይኑን የገለጠ ሰው አለ?»

ሁሉም አቀረቀረ። መመስከር ማለት እማማ ፊት አልጸለይኩም ብሎ ማመን ነው። ማን ይደፍራል? ምግብ አብሳይዋ ደግሞ ከሁሉም በላይ አቀርቅራለች። ትናንት ጭቃ ረግጠው ወጥ ቤት የገቡባትን «ጫማችሁን እሳት ውስጥ ነው የምጨምረው!» ብላ ዝታ ነበር። ምድጃው ተፈተሸ። ከአመድ በቀር ምንም የለም።

«እኔ አይደለሁም!» አለች። «ድስቱ እንዳያርርብኝ ዓይኔን አንዴ ገለጥ አደረግሁ እንጂ። እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን አየሽ?»

«ሁሉም ጨፍኗል። ሚጢጢ ብቻ ቦታዋ ላይ የለችም።»

ሚጢጢ ግቢው ውስጥ፣ የመጫወቻው ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። ልጆች ሲጠሯት እንኳ አልተነሳችም። ሃምሳ አለቃዋ ሄዳ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«የኔ እመቤት፣ የሁሉንም ለምን ወሰድሽ?»

«የእማዬን ብቻ ብወስድ እኔ መሆኔ ይታወቃላ።»

ሃምሳ አለቃዋ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«የእማዬንስ ለምን?»

«እንዳትሄድ ነዋ። አባዬም እንደዚህ ነው የሚያደርገው። እንዳትወጣ ሲፈልግ አንድ ጫማዋን ይደብቅባታል።»

የሃምሳ አለቃዋ ሳቅ እዚያው ደረቀ። እናትየው ከኋላቸው ቆማ ሁሉን ሰምታለች።

«ታዪ ነበር?» አለች። «ተኝተሽ አልነበር?»

«ዓይኔን ጨፍኜ እንጂ አልተኛም ነበር።»

እናትየው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ልጇን ከዚያ ሁሉ የሰወረቻት ይመስላት ነበር።

ውጭ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ዘበኛው እናትየውን ዓይን ዓይኗን አያት።

«አባባ፣ ባዶውን ይመለስ በሉት።» እንባዋን ጠረገች። «ሚጢጢዬ፣ ጫማዬን ስጪኝ።»

ሚጢጢ ክዳኑን ጨምድዳ ያዘች። «ትሄጃለሽ።»

«አልሄድም። ጫማዬን አድርጌም አልሄድም።»

ሚጢጢ ሃምሳ አለቃዋን አየቻት። ሃምሳ አለቃዋ በዓይኗ ወደ እናቷ ጠቆመቻት፤ ይህን ለልጅቷ ቃል መግባት የምትችለው እናቷ ብቻ ናት። ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ። ከዚያ መኪናው ሲርቅ ተሰማ። ሚጢጢ ቀስ ብላ ተነሳችና ሣጥኑን ከፈተች።

እናትየው የግራ ጫማዋን አደረገች፤ ማሰሪያውን አጠበቀች። የልጇን እጅ ይዛ በግቢው በር አጠገብ አልፋ ወደ ቢሮው አመራች።

«ነይ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ያን ወረቀት ቅደጂው። ቃሌን ከጫማው ጀምሬ ልስጥሽ።»