ሦስት ሜትር ያልሞላ ጉድጓድ

ለሳኝ ከጠዋት ጀምሮ አገሩን ሲለስን ነው የዋለው። ለሳኝ ማሽን ነው፤ ድሮኖች ለክተው ያመጡትን የመሬት ከፍታ ይቀበልና ልኬቱ ውስጥ ጉድጓድ ሲያጋጥመው «የልኬት ስህተት» ብሎ ይደፍነዋል። ማንንም አያስገርምም። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ለሳኝ የሚሠራው የአገሪቱ ካርታ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ለአስር ዓመት የአገሪቱ ቦይ ሁሉ በራሱ የሚከፈተውና የሚዘጋው በዚሁ ካርታ ነው። ካርታው ላይ ለሌለ ኩሬ ውሃ አይላክም።

ለሳኝን የምትቆጣጠረው አስካለ የምትጠብቀው አስር ሰዓትን ብቻ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ካርታ አይታ አይታ ዓይኗም ልቧም ዝሏል። ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ኩሲያ የሚባሉ ሽማግሌ ከኮንሶ ደወሉላት፤ የመንደራቸው ኩሬ ጠባቂ ናቸው።

«ልጄ፣ ኩሬያችንን ካርታው ላይ አጣነው። አያቶቻችን የቆፈሩት ነው፤ ሁለት ሺህ ሰው ይጠጣዋል።»

ፈለገችው። ተደፍኗል። በእጇ መለሰችው፤ ለሳኝ እንደገና ደፈነው። ሦስቴ እንዲሁ ሆነ። ማሽን ምን ያድርግ፣ የነገሩትን ነው የሚሠራው። ለሳኝ የሚሠራበትን ሕግ ከፈተች፦ ጥልቀቱ ከሦስት ሜትር በታች የሆነ ጉድጓድ ሁሉ ስህተት ነው። ከሥሩ ያለው ፊርማ የራሷ ነው። አፈረች። ለምን ሦስት እንዳለች ትዝ አላላትም፤ ወይም ትዝ እንዲላት አልፈለገችም።

ሕጉ ቢሰረዝ ስሌቱ ከዜሮ ይጀምራል፤ ሌላ ሦስት ወር። ያንን ስታስበው ወገቧን አመማት።

«አባቴ፣ ኩሬው ስንት ይጠልቃል?»

«ሁለት ሜትር ከስድሳ። አሁን ደርቋል።»

«አርባ ሳንቲሜትር ጎደለው። ሦስት ካልሞላ ማሽኑ አያምንም። ምንም ላደርግልዎ አልችልም።»

«አርባ ብቻ ከሆነማ ይቆፈራል።»

ድሮን ልካ ስታይ ጎልማሳው፣ አሮጊቷ፣ ነፍሰ ጡሯ ሳትቀር ኩሬው ውስጥ ወርደዋል። አፈሩን በጆንያ እየተቀባበሉ ያወጣሉ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ድሮኑ ሲለካው መሐሉ ሦስት ሜትር ከሁለት ሳንቲሜትር ሆነ። ለሳኝ በዚህ ጊዜ ኩሬውን ሳይደፍነው ተወው።

«ተሳካ፣ አባቴ።»

«እግዜር ይስጥሽ።» ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ለሌሎቹስ ማን ነገራቸው?»

«የትኞቹ?»

«እኔ እንጃ። ኩሬ የቆፈርነው እኛ ብቻ አይደለንማ።»

የተደፈኑትን ዝርዝር አወጣች። አስራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት። ጥቂቶቹን ከፍታ አየች፤ ጠርዛቸው የተስተካከለ፣ መውረጃ ደረጃ ያላቸው ናቸው። አንዱንም ዝናብ አልቆፈረውም። ያልደወሉት ሰዎች ዛሬ ኩሬ እንዳጡ እንኳ አያውቁም።

ለአስር አምስት ጉዳይ ሲሆን ሕጉን ሰረዘችው። አለቃዋ ወዲያው መደወል ጀመረ፤ ስልኩን አላነሳችም። ማሽኑ ቅጽ አወጣላት፦ «ሕጉ መጀመሪያ የወጣበት ምክንያት?»

አሁን ትዝ አላት። ሕጉን የፈረመችው ዓርብ ቀን ነበር። የልኬት ስህተት የሆነውን ለመለየት ገና ስድስት ሺህ ጉድጓድ አንድ በአንድ ማየት ይቀራት ነበር፤ እሷ ደግሞ ቤቷ መግባት ፈልጋለች።

«ደክሞኝ ነበር» ብላ ጻፈች።