ከደረጃው ሥር

«እኔ የምለው፣ ደረጃው ደረጃ አይደለም» አለ ጠበቃው። በክርክር የሚረታው ስለሌለ ክፍሉ ያወጣለት ስም ነው። «ደረጃው ኅብረተሰቡ ነው። ከላይ ያለው ተመችቶታል፣ ከታች ያለው ታፍኗል። ገባችሁ?»

ድንቢጥ አልሰማችውም። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። የቋንቋ መምህሩ ለየቡድኑ አንድ አንድ የዘፈን ግጥም አድለው ፍቺውን ነገ ለክፍሉ እንዲያቀርቡ አዘዋል። ለነሱ የደረሳቸው በየአውቶቡሱ የሚጮኸው የሮክ ዘፈን ነው። ጊታሩ ጆሮ ስለሚያደነቁር ብዙው ሰው አንገቱን ይነቀንቅበታል እንጂ ቃላቱን ልብ ብሎ አይሰማም።

ከደረጃው ሥር ነኝ፣ በቀን በመሸበት፣
አባቴ ደጁ ላይ ቁልፍ በያዘበት።
በሦስተኛው ደረጃ ስንጥቅ አንዲት ክር ብርሃን፣
ጣቴ ላይ ጠምጥሜ አሳልፋለሁ ቀን።
ከላይ ሰው ይዘፍናል፣ ድምፁ ይደርሰኛል፣
ለኔ ነው እላለሁ፣ ጨለማው ይቀለኛል።

ዘፋኙ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። ድንቢጥ ይህን ብታውቅም ለማንም ትንፍሽ እንዳትል እናቷ ከድሮ ጀምሮ አስጠንቅቃታለች። ቤታቸው ውስጥ ስሙ አይነሳም፣ ዘፈኑም አይከፈትም። አብረዋቸው የሚኖሩት አያቷ፣ የእናቷ አባት፣ ሲጠየቁ «ሙዚቃ አሳብዶት ጥሎን ሄደ» ብለው ወሬ ይቀይራሉ። እሷም ያሉትን አምና ኖራለች። ያንን የተሰነጠቀ ደረጃ ግን አሳምራ ታውቀዋለች። ወደ መኝታ ክፍሏ ስትወጣ በየቀኑ ትረግጠዋለች።

«ከላይ የሚዘፍነው መልአክ ነው» አለች ከጎኗ የተቀመጠችው ልጅ። «ተስፋ ማለት ነው። አሪፍ አይደል?»

መምህሩ በዴስኮቹ መሀል ሲያልፉ ይህን ሰምተው ደስ አላቸው። ላዩን ብቻ አትዩ፣ ወደ ውስጥ ቆፍሩ ብለው አበረታቷቸው። ጠበቃውም ሥራውን አከፋፈለና፣ ድንቢጥ ስትለፋ ስላልታየች፣ የመጨረሻዎቹን ስንኞች እሷ እንድታቀርብ ፈረደባት።

ቤት እንደደረሰች ቦርሳዋን ሳታወርድ በቀጥታ ከደረጃው ሥር ወዳለው ዕቃ ቤት ሄደች። መጥረጊያና ባልዲ፣ አንዳንዴም የሚጠገኑ ወንበሮች የሚቀመጡበት ጠባብ ጉረኖ ነው። ባልዲውን ወደ ውጭ ገፍታ ገባች፣ ተቀመጠችና በሩን ሳበችው። ጉልበቷ በሩን ነካ። ወዲያው አንገቷ ደፋ አለ፣ ጣሪያው ቀና አያስብልም። ወደ ላይ ለማየት አንገቷን ስታጣምም፣ ከሦስተኛው ደረጃ ስንጥቅ ቀጭን ብርሃን ወርዶ እጇ ላይ አረፈ።

በሩ ተከፈተ። አያቷ ናቸው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ድንቢጤ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

አያቷን ትወዳቸዋለች። ብስክሌት ያስተማሯት፣ ይህን የወፍ ስም ያወጡላት፣ እናቷ ስትቆጣ ከጀርባቸው የሚሸሽጓት እሳቸው ናቸው። በጉልምስናቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ጥፍራቸውን የምትቆርጥላቸው እሷ ናት። ስለዚህ ስትጠይቃቸው ፊታቸውን አላየችም።

«አባባ፣ አጎቴን እዚህ ይዘጉበት ነበር?»

ይክዳሉ ብላ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ተራ ነገር አወሩላት። ልጁ ልበ ደረቅ እንደነበረ፣ ረጅም መንገድ ነድተው ደክሟቸው ሲገቡ ሁሌ የሆነ ነገር አጥፍቶ እንደሚጠብቃቸው፣ እሳቸውንም አባታቸው ከዚህ በባሰ ቅጣት እንዳሳደጓቸው ነገሯት። ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ሥራ የሄዱበት ቀንም እንደነበረ ጨመሩላት። ከዚያ ሳቅ አሉ።

«ይኸው ዛሬ ስሙ ተጠራ አይደል? ያኔ ባልዘጋበት ኖሮ ምን ይዘፍን ነበር?»

ድንቢጥ ፊታቸውን አየች። ያው የምታውቀው፣ የምትስመው ፊት ነው። ያ ነው የከበዳት። ሌላ ፊት ቢሆን ይቀላት ነበር።

እናቷ ከፊት ለፊቱ ክፍል የሰው ሱሪ ታሳጥራለች፣ የልብስ ስፌት መኪናው ይንተከተካል። ድንቢጥ ወረቀቱን መኪናው ላይ ዘረጋችው። እናቷ አላነበበችውም፣ ማንበብም አላስፈለጋትም።

«ከላይ የሚዘፍነው ማነው፣ እማ?»

መኪናው ቀጠለ። ስፌቱ መስመሩን ስቶ ሲጣመም እናቷ አቆመች።

«እኔ ነኝ።»

«እሱ እንዲሰማሽ ብለሽ ነዋ። እንዲጽናና።»

እናቷ የተጣመመውን ክር በመቀስ ጫፍ መልቀም ጀመረች። «እሱማ እንደዚያ ነው የመሰለው» አለች። «ዘፈኑ የወጣ ጊዜ ደውሎልኝ ነበር። አንቺ ባትኖሪ አብጄ ነበር አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ አላነሳሁለትም።» ቀና አለች። «ሲያለቅስ ላለመስማት ነበር የምዘፍነው፣ ልጄ። ሲጮህ እኔም ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። በሩን ክፈቱለት ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልተናገርኩም። ትልቅ ልጅ ነበርኩ።»

ድንቢጥን ማቀፍም መጮህም አማራት፣ ሁለቱንም አላደረገችም። እናቷ የለመነቻት አንድ ነገር ነው፤ ሌላውን እንደፈለገች ታውራ፣ ይህን ግን ሰው እንዳይሰማ።

በማግስቱ ጠበቃው ስለ ኅብረተሰቡ ተናግሮ ተጨበጨበለት። ተራዋ ሲደርስ ድንቢጥ ወረቀቱን አጣጥፋ ይዛ ወጣች።

«ደረጃው ደረጃ ነው» አለች። «ሥሩ ዕቃ ቤት አለ። ሰው ሲቀመጥበት ጉልበቱ በሩን ይነካል፣ አንገቱን ቀና ማድረግ አይችልም። ስንጥቁም እውነተኛ ስንጥቅ ነው። አባትየው ልጁን እዚያ ይቆልፍበት ነበር።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። መምህሩ በለሰለሰ ድምፅ ይህ የላይኛው ፍቺ መሆኑን፣ ግጥም ግን ሁልጊዜ ከጀርባው ሌላ ነገር እንደሚደብቅ አስረዷት።

«ይሄኛው አልደበቀም፣ ቲቸር» አለች። «የሰማው ሰው የለም እንጂ።»

ሳቁ ቆመ። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁና ጥቂት አዩዋት።

«ከላይ የሚዘፍነውስ?»

ከጎኗ ተቀምጣ የነበረችው ልጅ «መልአክ» ብላ በከንፈሯ ጠቆመቻት። ድንቢጥ መልአክ ብትል ሙሉ ውጤት እንደምታገኝ ታውቃለች። እውነቱን ብትናገር ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ይላል፣ ማታ ወሬው ሰፈር ይደርሳል።

«እሱን አልመልስም» ብላ ቦታዋ ተቀመጠች። ጠበቃው ቡድኑን ጉድ ሠራሽው ብሎ ፊቱን አዞረባት።

ቤት ስትገባ እናቷ እንደ ወትሮው መኪናዋ ላይ ናት። ሁለቱም ስለ ክፍሉ አላወሩም። ድንቢጥ ከመስኮቱ ሥር ያለውን የመፍቻ ሣጥን ከፍታ ብሎን መፍቻ አወጣች፣ ዕቃ ቤቱ በር ፊት ተንበረከከችና የታችኛውን ማጠፊያ መፍታት ጀመረች። ብሎኑ ዝጎ ስለነበር መዳፏን ላጠው።

«ድንቢጤ፣ ምንድን ነው የሚንቋቋው?» አሉ አያቷ ከፎቅ። «ነይ እስቲ፣ ጥፍሬን ቁረጪልኝ።»

እሷ መፍታቷን ቀጠለች። የላይኛውን ማጠፊያ ስትፈታ በሩ አዘመመና ትከሻዋ ላይ ተጫናት። ብቻዋን ልትይዘው አልቻለችም። የስፌት መኪናው ዝም አለ። እናቷ ክር የተንጠለጠለበት ቀሚሷን ሰብስባ መጣችና የበሩን ሌላ ጫፍ ያዘች።

አያቷ ደግመው ተጣሩ። ሁለቱ ሴቶች በሩን አንስተው በኮሪደሩ በኩል ወደ ውጭ ይዘውት ወጡ።