ባዶዋን ያልሞከርናት መኪና

ጥፋቱ የኔ ነበር፤ የተባረረው ግን እሱ ነው።

የአባቴ አሮጌ መኪና እርጥብ መታጠፊያ ላይ ፍሬን ስይዝ ኋላዋ ከዳኝ፤ ተሽከርክራ አጥር ላይ ተለጠፈች። አጠገቤ የተቀመጠው አባዬ ትከሻው ተሰበረ። እኔን ጭረት እንኳን አልነካኝም። ከዚያ ወዲህ ምንም አይሰማኝም። እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ ሰው ሲስቅ ጥርሴን አሳያለሁ።

የተባረረውን መካኒክ ያወቅሁት ከአደጋው ሁለት ወር ቀድሞ ነው። መኪናዋ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ኋላዋን ስትወዘውዝብኝ ጋራዡ ወሰድኳት። ከሥሯ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

«የፊት ፍሬኗ ተቀይሯል፤ ግፊቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ቫልቭ ግን የድሮው ነው። ለኋላው ከልክ በላይ ይልካል» አለኝ።

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሰላምታም የለ?»

«ሰላም ዋልክ። ስንት ቀን?»

ሳቀ። ከዚያ በኋላ ስሜን ትቶ «ችኩሏ» ይለኝ ጀመር።

በእጅ እየተጠመዘዘ የሚስተካከል ቫልቭ እስኪመጣ ሳምንታት ፈጀ። እኔ ግን በየቀኑ «መጣ?» ለማለት እሄድ ነበር። በስልክ መጠየቅ እንደሚቻል ሁለታችንም እናውቃለን። አባዬ እንኳን አንድ ቀን አብሮኝ ሄዶ፣ «ጨዋ ልጅ ነው» ብሎልኛል።

ቫልቩ የገባ ቀን ከጋራዡ ጀርባ ያለው ጭር ያለ መንገድ ላይ ሞከርነው። እኔ እነዳለሁ፣ ድንገት ፍሬን እይዛለሁ፤ እሱ አስፋልቱ ላይ በደረቱ ተኝቶ የትኛው ጎማ ቀድሞ ተቆልፎ መዞር እንደሚያቆም ያያል። ከዚያ ተነስቶ ቫልቩን ትንሽ ይጠመዝዛል። እንደገና። በአምስተኛው ሙከራ አንገቴን በመስኮት አወጣሁ።

«የቱ ቀደመ?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ዓይንህ የት ነበር?»

ፈገግታውን ደብቆ ወደ ቫልቩ ጎንበስ አለ። እኔም አልቸኮልኩም፤ ለኔ ይህ ብርቅ ነው።

በስምንተኛው የፊቱ ቀደመ። መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው፤ የኋላው ከቀደመ መኪናዋ ትሽከረከራለች።

«አሁን የመሣሪያ ሳጥኖቼን ከኋላ አውርደን ባዶዋን እንሞክራት። ሸክሙ ሲወርድ ኋላዋ ይቀላል፤ ተመልሶ ቀድሞ ሊቆለፍ ይችላል» አለ።

«በቃ! አባዬን ሐኪም ቤት ላደርሰው ነው። ነገ ትሞክራታለህ።»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።»

«ተረትህን አቆየውና ሳጥንህን አውርድ።»

አወረደ። ቁልፉን ለመስጠት ትንሽ አመነታ፤ ከእጁ ነጠቅኩት። መንገድ ላይ ዝናብ ጀመረ።

ከአደጋው በኋላ መካኒኩ ሐኪም ቤት ሊጠይቀን ሲመጣ አባዬ ትከሻው ታስሮ አልጋ ላይ ነበር። «መኪናዋ ደህና ናት ብሎ የለቀቃት ማነው?» አለ።

መካኒኩ አየኝ። ጠበቀኝ። አፌ አልከፈት አለ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለ።

አባዬ ሰው ፊት የማይባል ስድብ ሰደበው። «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!» እሱም አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ትናንት ጋራዡ ሄድኩ። የሥራ ልብሱን አጥፎ ሻንጣ ውስጥ እየከተተ ነበር፤ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቷል።

«ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«ያንቺ ነበራ፣ መናገሩ።»

«አብሬህ ልሂድ ብልህስ?»

«አባትሽ ባልሠራሁት እየጠሉኝ? አይሆንም፣ ችኩሏ። ነገ አራት ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ይነሳል።»

ዛሬ ጠዋት አባዬ በግራ እጁ ሻይ ሲያማስል ፊቱ ቆምኩ።

«መካኒኩ ባዶዋን እንሞክራት ብሎኝ ነበር። እምቢ ብዬ ቁልፉን የነጠቅኩት እኔ ነኝ።»

ማንኪያው ቆመ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ አፍሽን ምን ያዘው?»

«አላውቅም።»

«ያን ሁሉ ስድብ ቆመሽ ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ አሁን ምን ላድርግልሽ? ልመርቅሽ?»

«ምንም። አውቶቡሱ ሳይነሳ ልደርስበት ነው።»

«አልፈልግሽም ቢልሽስ?»

«መብቱ ነው።»

ይቅለለኝ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልቀለለኝም። ጃኬቴን ስለብስ ግን ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ተሰማኝ፤ ባልደርስበትስ ብዬ ፈራሁ።

አባዬ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«በዚያው ይቅርታ ጠይቂልኝ» አለ። «በሩንም ዝጊው፤ ብርድ ይገባል።»

ወጣሁና ዘጋሁት።