ግማሽ ማጭድ

በሸንኮራ አገዳው አገር ባልና ሚስት ሁለት ሰዎች አይደሉም፤ «አንድ ማጭድ» ናቸው። እሱ ይቆርጣል፤ እሷ ታስራለች፣ ተሸክማም መኪና ላይ ትጭናለች። አለቃው ገንዘቡን የሚቆጥረው ግን በእሱ እጅ ላይ ነው። ሴት የሌለው ወንድ «ግማሽ ማጭድ» ይባላል።

ናምዴቭ ግማሽ ነበር። ሻለን ደግሞ ከወንድሟ ከማሩቲ ጋር አንድ ማጭድ ሆና ትቆጠራለች። እሷ ካገባች ማሩቲ ግማሽ ይሆናል፤ ስለዚህ ላግባት ያለውን ሁሉ አባሯል።

ከቢድ አውራጃ ደረቅ መንደሮች ለቆረጣ ከመጡት ሴቶች መካከል፣ የአገዳውን እስር በአናቷ ተሸክማ በጠባቡ ጣውላ ወደ መኪናው ስትወጣ እንደ ሻለን ቀጥ ብላ የምትሄድ አልነበረችም። ናምዴቭ ባያት ቁጥር መቁረጡን ይረሳል።

«ግማሹ! ዐይንህን ወደ አገዳው መልስ፣ ጣትህን ትቆርጣለህ» አለችው አንድ ቀን ከላይ ሆና።

«ብቆርጥ ታስሪልኛለሽ?»

«እኔ የማስረው አገዳ ነው። እሱም የሚጣፍጠውን!»

ከዚያ ወዲያ እሷ ውሃ ልትቀዳ በወረደች ቁጥር እሱንም ይጠማው ጀመር። ብዙ አያወሩም። የማሽላ ቂጣዋን ትቆርስና ፊቷን አዙራ ታቀብለዋለች። የቆረጣው ወራት ሊያልቅ ሲል፣ ላግባሽ አላት።

ሻለን መዳፏን ገልብጣ አሳየችው። አገዳው ልጦታል።

«በዚህ እጅ ሠርቼ በዚህ እጅ ተቀብዬ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። የሚመጣውን ዓመት ስትዋዋል ስሜን ጥራ። የእኔ ድርሻ በእኔ እጅ ይቆጠር።»

«ይሄማ ምን አላት! እናቴ ትሙት፣ እጠራለሁ።»

የከርሞው ቅድሚያ ክፍያ በሚሰጥበት የውሉ ቀን ወንዶቹ አለቃውን ባቡራኦን ከበው ቁጢጥ ብለዋል። ሴቶቹ ከኋላ ቆመዋል።

«አንተስ፣ ለከርሞም ግማሽ ነህ?» አለው ናምዴቭን።

«ሞልቻለሁ፣ ጋሼ።»

«እሰይ! ማን ናት?»

የሚስትን ስም በወንዶች ፊት መጥራት ነውር ነው። ናምዴቭ አፉን ከፈተ፤ ምላሱ ተሳሰረ።

«ከአሁኑ ፈራት!» አለ አንዱ። «ካገባትማ ልብስ ሊያጥብላት ነው!»

ሁሉም ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ።

«አንድ ማጭድ ብለህ ቁጠረን። ገንዘቡን ለእኔ ስጠኝ» አለ።

ቀና ሲል ሻለን እያየችው ነበር። ብትቆጣ ኖሮ በቀለለው። የምታየው ወንድሟን በምታይበት ዐይን ነበር።

ውሃው ዳር ጠብቆ አገኛት።

«ሳቁብኝ እኮ» አላት።

«ማሩቲ ጠይቆኝ ስለማያውቅ አሳፍሮኝም አያውቅም። አንተ ግን ጠየቅኸኝ፤ እሺ አልኩህ።»

እንስራዋን አንስታ ሄደች። ናምዴቭ ፊቱን ታጠበ፤ ደግሞ ታጠበ፤ ሳቁ ግን ፊቱ ላይ እንደተጣበቀ ቀረ።

በማግስቱ ገንዘቡን ይዞ ወደ አለቃው ሄደ። ወንዶቹ ሻይ እየጠጡ ነበር።

ሲመለስ ሻለን እስር ታጠብቃለች። ማሩቲ ራቅ ብሎ ማጭዱን ይስላል።

«ገንዘቡን መለስኩለት» አላት። «"ሴት በስሟ የሚከፈላት እኔ ጋ አይደለም" ብሎ አባረረኝ። ሌላ አለቃ መፈለጌ ነው። ባላገኝስ…»

«እነማን ነበሩ?»

«ከወንድምሽ በቀር ሁሉም።»

«ሳቁ?»

«እስኪበቃቸው።» ጆሮው እንደ በርበሬ ቀልቷል።

ገመዱን ለቀቀችው።

«እንዴት ብለህ ጠራኸኝ?»

መሬት መሬቱን እያየ በሹክሹክታ ነገራት፤ ከነአባቷ ስም።

«ጮክ በል» አለችው ሻለን። «ማሩቲ አልሰማም።»