አጠቃቀሙ የቀረ ካርድ

የመዝገበ ቃላቱ ዋና አዘጋጅ፣ እኒያ አንድ ቃል ይዘው ሳምንት የሚከርሙት ሰውዬ፣ ከወደቀው የመጽሐፍ መደርደሪያ መሰላል አጠገብ ሞተው ተገኙ። መርማሪዋ ስትደርስ ሦስቱ የቢሮው ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ የሟች የእህት ልጅ የሆነው ረዳታቸው፣ ጸሐፊዋና ጽዳት የሚሠሩት እትዬ።

ጸሐፊዋ ጣቷን ለመቀሰር ጊዜ አልፈጀባትም። እትዬ ወለሉን አርሰውታል፣ መሰላሉ ተንሸራቷል፣ በቃ። እትዬ ጨምቄ ነው የወለወልኩት ቢሉም ማን ሰምቷቸው! በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሊወስዳቸው ተዘጋጅቷል። ረዳቱ ግድግዳውን እንደተደገፈ ይህን ያያል።

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። ወለሉ ስለሚያዘነብል ከመሰላሉ አንድ እግር ሥር ሁልጊዜ ባለ ሦስት ማዕዘን ሽብልቅ እንጨት ይገባል። መሰላሉ ወድቆ እንጨቱ ግን ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል።

«እትዬ፣ ሲወለውሉ ይህን ያነሱታል?»

«ወገቤ እሺ ብሎኝ ነው? ዙሪያውን አልፈዋለሁ እንጂ።»

መርማሪዋ እንጨቱን አንስታ ሥሩን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ወደ ሟቹ ጠረጴዛ ሄዳ የቃላት ትርጉም የሚጻፍባቸውን ካርዶች አንድ በአንድ አገላበጠች። አንዱን ይዛ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ከእንጨቱ ሥር ደረቅ አቧራ መኖር ነበረበት፤ ግን እርጥብ ነው። ስለዚህ ወለሉ ሲወለወል እንጨቱ እዚያ አልነበረም። የተመለሰው ሰውዬው ከወደቁ በኋላ ነው። ጠርዙን እዩት፤ ሦስቱንም ጎን ሰማያዊ ቀለም ነክቶታል። አንድ ሰው ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ሥሎበታል።» ካርዱን ረዳቱ ፊት አኖረችው። «ሥዕሉ ይኸው፣ የተሸረፈው ጫፍ ሳይቀር። ጥጉ ላይ የተጻፈው ስምም ያንተ ነው።»

ካርዱ ላይ «ባለ ሦስት ማዕዘን፦ በሦስት ቀጥ ያሉ ጎኖች የተከበበ» ይላል። ከሥሩ አጎቱ በቀይ ቀለም ጽፈዋል፦ «ትርጉሙ ጥሩ። አጠቃቀሙስ? ምሳሌ ዓረፍተ ነገር የለውም። ግድ የለም፣ ከላይኛው መደርደሪያ እኔው ልፈልግልህ።»

ረዳቱ ይህን ያየው ገና አሁን ነው። አጎቱ መሰላሉ ላይ የወጡት ለእሱ ቃል ምሳሌ ሊፈልጉ ኖሯል።

«ባለ ሦስት ማዕዘኑን እንጨት ከመሰላሉ ሥር ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለ። «ለሥዕሉ ብዬ ነበር፤ መመለሱን ረሳሁት። ወድቀው ሳያቸው ደንግጬ መለስኩት።»

መርማሪዋ ቃሉን እንዳለ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። እትዬ ግን ዓይናቸውን ከልጁ ላይ አልነቀሉም።

«ልጄ፣ እኔን ሊወስዱኝ ሲሉ ቆመህ ታይ ነበር?»