የረዘመው ሌሊት

ይህን ታሪክ የምነግራችሁ በእኔ ላይ እንድትስቁ ፈቅጄ ነው። ስሜ ፈድሉ ይባላል። ዲላ ተወልጄ ያደግሁ፣ ሳሙናና ጨው፣ ባትሪና ብስኩት እየሸጥኩ የምኖር ባለ ሱቅ ነኝ። ሞኝ መሆኔን አላውቅም ነበር፤ ሞኝ መች ሞኝነቱን ያውቃል!

ባለፈው ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው፣ ሱቄን ነቅዬ ወደ ተራራማው ገጠር ወደ ዱመርሶ ወጣሁ። ባለቤቴ ረምላና የአምስት ወር ልጃችን ነዋል አብረውኝ ነበሩ። የተከራየነው ቤት ቁልቁለት ላይ፣ በእንሰትና በቡና መሀል ነው። መብራት አልገባለትም፤ በትንሽ ሶላር አንድ አምፖልና ስልኬን እናስተዳድራለን። በስተምሥራቅ አንድ ጉብታ አለ፤ ከጉብታው ማዶ ደግሞ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ። በዚያ ሰሞን ጉሙ ከሸለቆው እየተነሣ ይመጣና ጎረቤትን ከጎረቤት ይለያል። ሰው ድምፁ ቀድሞ ይመጣል፣ ፊቱ በኋላ ይከተላል። አንዳንዴ ነቅቼም ገና ሕልም ውስጥ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

ዲላ እያለሁ ስለ ጾም ሰዓት አስቤ አላውቅም። መስጊዱ አጥራችን ሥር ነው። ሱሁር፣ የጾመኛውን የሌሊት ምግብ፣ እየበላሁ አዛን ሲል ማንኪያዬን አስቀምጣለሁ፤ ማታ አዛን ሲል ተምሬን አነሳለሁ። ማሰቡን ሁሉ ድምፅ ማጉያው ያስብልኛል። ዱመርሶ ላይ ግን እኛ ያለንበት ድረስ የሚደርስ አዛን የለም። ጎረቤቶቻችን ጴንጤዎች ናቸው፤ መልካም ሰዎች፣ ግን ጎህ መቼ እንደሚቀድ ከእነሱ የሚጠየቅ አልመሰለኝም።

በመጀመሪያው የረመዳን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ረምላ ነዋልን እያጠባች ጥቂት ጎረሰች። እኔ ሰማዩን ለማየት ወጣሁ። ጨለማው ድቅድቅ ነው፣ ጉሙ እጄን እንኳ አያሳየኝም። ድንገት ከጉብታው ማዶ ጉሙ ከውስጡ ነጣ። ወተት ውኃ ውስጥ ሲፈስ እንደሚያደርገው፣ ያለ ምንም ድምፅ፣ ለስለስ ብሎ ተሠራጨ። እንዲህ ያለ ያማረ ንጋት አይቼ አላውቅም። ልቤ ተነካ፤ እንባዬ ሁሉ መጣ።

«ነግቷል! በቃ፣ አፍሽን ተጉመጥመጪ» አልኳት ገብቼ።

ረምላ ስልኩን አየች። «ፈድሉ፣ ገና አስር ሰዓት ነው እኮ። ዲላ ጾም የምንይዘው ከአስራ አንድ በኋላ አልነበረም?»

«ያ ዲላ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ነን፤ ንጋቱ ይቀድማል። ሰዓት የሰው ሥራ ነው፣ ሰማይ ግን የአላህ ነው።»

«እሺ፣ ንጋቱ ከቀደመ ፀሐይዋ ለምን አትቀድምም? የምትወጣው ልክ እንደ ዲላው ነው።»

 መልስ የሌለው ባል የሚለውን አልኩ፤ «አትከራከሪ፣ ውሃሽን አስቀምጪ» አልኳት። ከዚያም ቆሜ ሱብሂዬን፣ የንጋቱን ሶላት፣ ሰገድኩ።

ማታ ማታ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ጨመርኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ረምላ ተምሩንና ውሃውን ታቀርባለች፤ እኔ ግን በር ላይ ቆሜ ኮከብ እጠብቃለሁ። ከፍታ ላይ ፀሐይ ትዘገያለች ባይ ነኝ። ጠዋት ንጋቱ ሲቀድም ማታ ፀሐይዋ ስትዘገይ፣ ከፍታው እንደ ፈቃዴ ይታዘዘኝ ነበር። ጉም በሸፈነው ሰማይ ኮከብ ከየት ይመጣል? አንድ ሰዓት ተኩል እስኪሆን ቆመን የጠበቅንበት ማታ ነበር። ረምላ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የተኛች መስላ ትቀመጣለች።

በሦስተኛው ቀን «ኡስታዝ ለሚ ዘንድ ደውልና ጠይቀው» አለችኝ። ኡስታዝ ለሚ ዲላ ነው የሚያስተምረው። በእድሜ ያንሰኛል፤ ልጅ ሆኖ ቁርኣን ሲቀራ አሊፍና ባን ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። አሁን እሱን «ጾም መቼ ልያዝ?» ብዬ ልጠይቅ?

«ሰፈር በለወጠ በወሩ ጾም መያዝ ጠፋው ልባል ነው የምትፈልጊው?» አልኳት።

«ይባል! ወተቴ እየቀነሰ ነው፤ ልጅቷ እየጠባች ታለቅሳለች።»

«አክስቶቼ ስድስት ስድስት ልጅ እያጠቡ ጾመዋል።»

ከዚያ በኋላ ዝም አለች። የረምላ ዝምታ እሺታ መስሎኝ ደስ አለኝ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ እኔም በሰማይ አሳብቤ ተኝቼ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ትንቢት የምትባለው የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጥታ ነዋልን መዘነቻት። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችና «ካለፈው ወር ምንም አልጨመረችም፤ እንዲያውም ቀንሳለች። እናትየው ትበላለች?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። ረምላ ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር። «ጾም ነው» አልኩ፤ በኩራት ነበር ያልኩት፣ ዛሬ ሳስታውሰው ያመኛል። ያን ቀን ነዋል ማልቀሱን ተወች። የማታለቅስ ልጅ ከምታለቅሰው ይልቅ እንደምታስፈራ ያኔ ነው ያወቅሁት። ጣቴን ስሰጣት እንኳ ሳትጨብጠው ቀረች።

በዘጠነኛው ሌሊት ተነሣን። ሰማዩ ተሸፍኖ ስለከረመ ሶላሩ ደክሟል፣ ስልኬም ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። በሻማ በላን። እኔ እንደ ልማዴ ወጥቼ ወደ ጉብታው ቆምኩ። ይነጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልነጣም። ገባሁና «ገና ነው፣ ብዪ» አልኳት። በላች። ወጣሁ፤ ጨለማው እንዳለ ነው። ገባሁ። «ገና ነው።» ወተት አፍልታ ጠጣች። ነዋልን አቀፈች፣ ጋደም አለች፣ ትንሽ አሸለበች፣ ነቃች፣ ገንፎ ደገመች። ሌሊቱ ዝም ብሎ እንደ ቆመ ነው። ጉሙ በር ላይ ተኝቷል፣ ቅጠል አይንቀሳቀስም፣ ውሻ እንኳ አይጮህም። ጊዜ የሚባለው ነገር ዱመርሶን ረስቷት ያለፈ መሰለኝ።

ከዚያ ነዋል ስትውጥ ሰማሁ። እንደ በፊቱ መሳብና ማልቀስ አይደለም፤ ጉርጭ፣ ጉርጭ እያደረገች ነው የምትውጠው። ረምላ በሻማው ብርሃን ወደ እኔ ቀና ብላ ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋን ካየሁት ሰንብቼ ነበር። ያኔ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። አላህ ለዚህች ሕፃን ሲል ሌሊቱን አስረዝሞልናል! ግንባሬን መሬት ላይ ደፍቼ አለቀስኩ።

ከስንት ጊዜ በኋላ፣ በጉብታው አናት ላይ ስስ ነጭ መስመር ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋ። እንደ ሌላው ቀን ከአንድ ቦታ አልፈነጠቀም፤ አግድም ሄደ፣ እየሰፋም መጣ። ሰገድኩና ተአምሩን ለሰው ሳልናገር መቆየት ስላልቻልኩ ወደ መንገዱ ወጣሁ።

ጋሽ ወልደዮሐንስ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። የማጠቢያ ጣቢያው የሌሊት ጥበቃ ናቸው፤ ጌዴኦ፣ የአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ሲነጋ በደጃችን አልፈው ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

«ጋሽ ወልደዮሐንስ፣ ዛሬ ሌሊቱ ረዝሟል፤ አላስተዋሉም?» አልኳቸው። 

ትክ ብለው አዩኝ። «ሌሊት አይረዝምም፣ ልጄ። መብራት ጠፍቶ ነው።»

«የምን መብራት?»

«የጣቢያው ነዋ! በየሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ እናበራለን። መኪና ይመጣል፣ ደረቅ ቡና ይጭናል። ትላንት ማታ መብራት ጠፋ፤ መኪናውም ሳይጭን ቆሞ አደረ።»

«ታዲያ ከጉብታው ማዶ የሚነጣው...?»

«አምፖል ነው። ትልልቁ። አራት ናቸው።»

የመንገዱ ዳር ላይ ቁጭ አልኩ። ስምንት ቀን ሙሉ የጾምኩት በአራት አምፖል ነው። ያለቀስኩለት ያ ውብ ንጋት ቡና መጫኛ ነበር። ሞተር እሰማ ነበር እኮ! በዋናው መንገድ የሚያልፍ አውቶቡስ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ነገሩን ስነግራቸው አልሳቁም። «ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አሉ። «አንተ ግን ‹ደህና አደሩ› ትላለህ፣ በርህን ትዘጋለህ። ልጅህስ? ትላንት ደክሟታል ሲሉ ሰማሁ።» ከዚያ ከካፖርታቸው ኪስ ስልካቸውን አውጥተው ሰጡኝ። «እንካ፣ ለሃይማኖትህ ሰው ደውል።»

የኡስታዝ ለሚን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። ሳልደውልበት ስምንት ቀን ያሳለፍኩት ቁጥር ነው። እሱም አልሳቀም፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«ወንድሜ ፈድሉ፣ ዛሬ ያየኸው፣ አግድም ተዘርግቶ እየሰፋ የሚሄደው ነው ጎህ። ሰማዩ ከተሸፈነብህ ሰዓቱን ያዝ፤ የአካባቢውን የሰዓት ሰሌዳ እልክልሃለሁ፣ አሁን ወደ አስራ አንድ ተኩል የተጠጋ ነው። ከፍታው ደቂቃ ቢለውጥ እንጂ አንድ ሰዓት ተኩል አይለውጥም። ማታም ፀሐይዋ ሙሉ በሙሉ ከገባች አፍጥር፤ ኮከብ ጠብቅ ያለህ የለም። ሱሁርን ማዘግየት፣ ማፍጠርን ማፋጠን ነው የተወደደው።»

«ሱብሂውስ?»

«ከጊዜው በፊት የተሰገደ አይቆጠርም። ትመልሰዋለህ።» ከዚያ ቀጠለ። «ለመሆኑ ረምላ ለምን ጾመች? የምታጠባ እናት ለልጇ ከሰጋች ትበላለች፤ ቀናቱን ረመዳን ሲያልፍ ቀዷ ታወጣለች፣ ጾማ ትተካለች። ይህን ማን ከለከላት?»

«እኔ» አልኩ። ከዚያ ቃል ይበልጥ የከበደኝ ቃል ተናግሬ አላውቅም።

ቤት ስገባ ረምላ ነቅታ ነበር። ነዋል ደረቷ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ረምላ፣ ሌሊቱ አልረዘመም። እኔ ነኝ ሳሳጥረው የከረምኩት።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ አምፖሉን፣ ሰሌዳውን፣ ለእሷ ያለውን ፈቃድ። «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።  ወደ ነዋል ዝቅ ብላ አየችና «እሱን ለልጅቷ በላት፤ እኔ የታዘዝኩህ በአፌ ነው፣ እሷ ግን የታዘዘችህ በሆዷ ነው» አለችኝ። ከዚያ ተነሥቼ፣ በረመዳን ቀን፣ በገዛ እጄ ለሚስቴ ገንፎ አገነፋሁላት። እሷ እየበላች አለቀሰች፣ እኔም ሳማስል አለቀስኩ። ነዋል እስክታገግም ሳምንታት ፈጀባት።

ወገኖቼ፣ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ካለመጠየቅ ደግሞ የልጅ ወተት ይቀራል። ሰፈር ስትለውጡ፣ ወደ ገጠር ስትወጡ፣ ጾም መቼ እንደሚያዝና መቼ እንደሚፈታ ቀድማችሁ እወቁ። ከታናሻችሁም ቢሆን ተማሩ፤ ማዶ ስለሚበራው ነገር የሌላ እምነት ጎረቤታችሁንም ጠይቁ። በራሳችሁ ላይ የጨመራችሁት ጥንቃቄ ማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ዞር ብላችሁ እዩ። አላህ ከእኔ የጠየቀው ከጎህ እስከ ፀሐይ መግቢያ ያለውን ነው። ከዚያ በላይ ያለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ የጾመችው ግን ጥርስ እንኳ ያላበቀለች ልጄ ናት።